ጋሽ አንሙትና ቆሞ የሚታቀፈው ወፍ

ባለፈው ሰኔ ከቡሬ መጥቼ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስወርድ ዝናቡ ዶፍ ነበር። እየሮጥሁ የገባሁባት ባጃጅ የጎኗ ሸራ ተቀዶ በወፍራም ነጭ ክር ተሰፍቷል። ሸራውን ወደ ራሴ ስስበው የራሰ ጨርቅና የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ወዲያው የት እንደምሄድ ጠፋኝ። ሹፌሩ «የት ነሽ እህቴ?» ይለኛል፤ እኔ በጃንጥላ ክምር መካከል እግሯን አጣጥፋ የተቀመጠች ልጅ ሆኛለሁ።

«እህቴ፣ ወዴት ልበል?»

«ጋሽ አንሙት ሱቅ» ልለው ምንም አልቀረኝም። እሳቸውም የሉ፣ ሱቁም የለ። ቦታው ላይ አሁን የስልክ ዕቃ ይሸጥበታል። የአባዬን ሰፈር ነገርሁትና ሸራውን እያሸተትሁ ሄድሁ።

ጋሽ አንሙት ጃንጥላ ጠጋኝ ነበሩ። በእኛ አገር ክረምቱ ቀልድ አያውቅም፤ ጃንጥላ ደግሞ ገበሬውም፣ ቄሱም፣ አስተማሪውም የሚይዘው ነገር ነው። ሽቦው የተሰበረው፣ እጀታው የወለቀው፣ ነፋስ የገለበጠው ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ከገበያው ወደ ቡሬ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከአባዬ የእንጨት ሥራ ቤት ጎን የተለጠፈች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነበረቻቸው። ጣሪያዋን ዝናብ ሲመታው ለመሰማማት መጮህ ነበረብን። ግድግዳው ላይ ጥቁር ጃንጥላዎች ተዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ፤ በመካከላቸው አንዳንዴ ከጥምቀት የተረፈ፣ ዘርፉ የተበጠሰ የቤተ ክርስቲያን ጥላ እንደ እመቤት ይቀመጣል። ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮም ነበራቸው፤ ከሚያወራበት የሚንኮሻኮሽበት ጊዜ ይበልጣል።

ከተማው ግን ጃንጥላ ጠጋኝ አይላቸውም፤ ባሕረኛው ነው የሚላቸው። በጉብዝናቸው ዘመን ከጎጃም ወጥተው ምጽዋ ላይ መርከበኛ ሆነው ኖረዋል። አገሩ ተለውጦ መርከቡም ወደቡም ሲቀር፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ አንድ ነጭ ቆብና መዳፍ ላይ የሚታሰር የሸራ መስፊያ ቆዳ ይዘው፣ ባሕር ወደሌለበት ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። መርፌውን በዚያ ቆዳ እየገፉ የሰውን ጃንጥላ እንደ መርከብ ሸራ አድርገው ይሰፉታል። ሌላ ያመጡት ነገር ቢኖር የዓለም እንስሳት ወሬ ነው። እሱ ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም።

«ኦክቶፐስ የሚሉት ፍጥረት አለ» ይላሉ ክሩን በከንፈራቸው እያሾሉ። «አጥንት የሚባል የለውም። ደሙ ሰማያዊ፣ ልቡ ሦስት።»

«ሦስት ልብ?» ይላል በርበሬ ጭኖ ከጅጋ የመጣ ገበሬ። «ምነው ጋሼ፣ እኔ ይችን አንዷንስ መች ቻልኋት!»

ዶልፊን ሲተኛ ግማሽ አንጎሉ ነቅቶ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ እንደሚያድር የተናገሩ ቀን ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት «እንዲህ ያለ ዘበኛ ማን በሰጠኝ! የኔው ሁለቱንም ጨፍኖ ነው የሚያድር» አለ። የቀጭኔ አንገት ያን ያህል ረዝሞ አጥንቱ ሲቆጠር ከሰው አንገት እኩል መሆኑን፣ ዝሆን የእኛ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ከሩቅ ዘመዱ ጋር እንደሚጠራራ፣ ከእርግብ የማትበልጥ ወፍ በየዓመቱ ከዓለም ጫፍ እስከ ዓለም ጫፍ እንደምትመላለስ የሰማሁት ከሳቸው ነው። የባሕር ፈረስ የሚባለው ትንሽ ዓሣ የሚያረግዘው ወንዱ ነው ያሉ ዕለትማ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በሳቅ ሞቱ። አንዲት ጠላ ሻጭ ዕንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች «እሰይ! እሰይ! እስቲ ይቅመሷት!» አለች።

ከሁሉ የሚወዱት የባሕር ኤሊን ነበር። ከአሸዋ ውስጥ እናቷን ሳታውቅ ትፈለፈላለች፣ ባሕሩን ስትዞር ትኖራለች፣ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ ያችኑ የተፈለፈለችበትን ዳርቻ ፈልጋ ትመጣለች። «ይችን በዓይኔ ነው ያየኋት» ይሉና በመንገዱ የሚያልፈውን የፍኖተ ሰላም ሰው ያያሉ። ያዩትንና ያላዩትን ለይተው መናገር ልማዳቸው ነበር። ከሌላ አገር መርከበኛ የሰሙትን ወይም መርከብ ላይ በፊልም ያዩትን ሲያወሩ «በአካል አላየሁትም፣ ግን እውነት ነው» ብለው ነው የሚጀምሩ። ሰው ደግሞ ይችኑ ይዞ ይስቅባቸዋል።

ታዲያ ቁጣቸው አይጣል ነበር። መርፌው ጃንጥላው ላይ ሳለ «ይኸስ ውሸት ነው» ያለ ሰው ጉድ ፈላበት፤ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ ግማሹ የተሰፋውን ጃንጥላ እጁ ላይ ያስቀምጡና «በል፣ የቀረውን ዝናቡ ይስፋልህ» ይሉታል። ስለዚህ የከተማው ሰው ዘዴ አበጀ። ጃንጥላው እስኪያልቅ «ወይ የእግዜር ሥራ!» እያለ ይሰማል፤ ተቀብሎ ደፉን ከተሻገረ በኋላ «ውሸት!» ብሎ ጮኾ ይሮጣል። ጋሽ አንሙት ያገኙትን አንሥተው ይወረውሩበታል። በማግሥቱ ያው ሰውዬ የሚስቱን ጃንጥላ ይዞ ይመጣል።

እኔ የዚያ ሱቅ ልጅ የሆንሁት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ገና መግባቴ ነበር፤ እኅት ወንድም የለኝም። አባዬ አናጺ ስለሆነ ቀኑን የሚውለው የሰው ጣሪያ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ አንሙት ጋ እገባለሁ፤ ቆሎ ያቀርቡልኛል፣ የቤት ሥራዬን ያሠሩኛል፤ አባዬ መዶሻውን ይዞ እስኪመጣ እዚያው ነኝ።

ትልቁ ችግራችን ፀጉሬ ነበር። አባዬ በር ይገጥማል፣ መስኮት ይሠራል፤ የልጅ ፀጉር ግን አልገራለት አለ። ተንጨባርሬ ስሄድ ልጆቹ ይስቁብኛል፣ እኔ አለቅሳለሁ። አንድ ቅዳሜ ጋሽ አንሙት ይኸን አይተው ብግን አሉ። አባዬን «አያሌው! ና ወዲህ!» ብለው ጠርተው ከሳጥናቸው የመርከብ ገመድ አወጡና ጫፉን ፈትተው አጎነጓጎኑን አሳዩት። አባዬ ገመዱ ላይ ተለማምዶ፣ ተለማምዶ፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ራስ ተሻገረ። ቅንድቤ ሽቅብ እስኪሳብ ድረስ አጥብቆ ይጎነጉነኛል፤ ሳምንቱን ሙሉ ንቅንቅ አይልም። በዚያ ሹሩባ የኮራሁትን ኩራት በምንም አልኮራሁም።

በእናቴ ሙት ዓመት አክስቴ ውዴ ከአዴት መጣች። የእናቴ ታላቅ ናት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እናቴን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች ሐዘኑ አልወጣላትም። አቅፋ ስማኝ ስታበቃ ራሴን ዳሰሰችና «ይኸ ሹሩባ ነው ገመድ?» አለች። እኔ ሞኟ ደስ ላሰኛት ብዬ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍሁት፤ ሦስቱን ልብ፣ ሰማያዊውን ደም፣ የሚያረግዘውን ወንድ ሳይቀር። አክስቴ አማተበች።

«ማነው ይኸን የሚነግርሽ?»

«ጋሽ አንሙት ናቸው፣ ባሕረኛው።»

«እንግዲህ የእኅቴ ልጅ ጃንጥላ ሱቅ ውስጥ ውሸት እየለቀመች ነው የምታድገው በሉኛ!» አለች። ዕለቱን ሌላ አልተናገረችም። ሰኔ ሲገባ ግን ሽማግሌ ሰብስባ ተመልሳ መጣች።

ነገሩ ቁርጥ ያለ ነበር። ወይ አዴት ሄጄ ከአክስቴ ልጆች ጋር አድጋለሁ፣ ወይ ከአባዬ ጋር እቀራለሁ። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ መጥተው አባዬ በሠራው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ነገሩን የሚመሩት የቤታችን የነፍስ አባት መምሬ ሞላ ነበሩ። አክስቴ ልብሴን በፌስታል አሥራ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ያንን ፌስታል ነው የማየው።

አክስቴ ተናጋሪ ናት። «አያሌውን አልጠላሁትም» አለች። «ግን ጣሪያ ላይ የሚውል ወንድ ነው። ወንድ ልጅ ማሳደግ ከፍጥረቱም አልተሰጠው። እኔ ቤት እኅቶች አሏት፣ እናት አላት። ሟቿስ ብትሆን ይኸንን አትወድም?» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። መምሬ ሞላ ወደ አባዬ ዞረው «አንተስ አያሌው፣ ምን ትላለህ?» አሉት።

አባዬ ንግግር አያውቅም።

«ልጄ ናት» አለ።

ሌላ ጠበቁት። ሌላ የለውም።

«ልጄ ናት አባቴ» አለ ደግሞ፣ ከዚያ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ነገሩ እንዳበቃ ገባኝ። መጋረጃውን ጨምድጄ ያዝሁት።

ያኔ ነው ጋሽ አንሙት ማንም ሳይጠራቸው የገቡት። ነጩን ቆባቸውን ደፍተዋል፤ ሽማግሌ ሲያዩ አወለቁት። ጃንጥላቸውን ከበሩ አስደግፈው እጅ ነሡ።

«አባቶቼ፣ አንድ ቃል ይፈቀድልኝ።»

«ተናገር አንሙት» አሉ መምሬ ሞላ።

«ወንድ ልጅ ማሳደግ ከፍጥረቱ አልተሰጠውም ሲባል በር ላይ ሰማሁ። ይኸ የምናገረውን በአካል አላየሁትም፣ ግን እውነት ነው።» አንዱ ሽማግሌ ከወዲሁ ፈገግ አለ። «በዓለም ደቡብ ጫፍ ከበረዶ በቀር ምንም የሌለበት ምድር አለ። ፔንግዊን የሚሉት ወፍ እዚያ ይኖራል። አይበርም፤ እንደ ሰው ቆሞ ነው የሚሄድ። ሴቲቱ አንድ እንቁላል ትጥልና ለአባትየው አስረክባ ትሄዳለች። የዚያ አገር ክረምት ፀሐይ የማይወጣበት ጨለማ ነው። አባትየው እንቁላሉን በገዛ እግሩ ላይ አኑሮ፣ በሆዱ ቆዳ አልብሶ፣ ያን ጨለማ ሁሉ ቆሞ ይታቀፈዋል። አይበላም። እንቁላሉ በረዶውን ከነካ አለቀለት፣ ስለዚህ መሬት አያስነካውም። ሌሎቹም አባቶች እንደሱ ታቅፈው፣ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ዳር ቆሞ ነፋስ የመታው ወደ መካከል ይገባል፤ መካከል የሞቀው ወደ ዳር ይወጣል።»

ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ብቻ ይሰማል።

«እናቲቱስ?» አለች አክስቴ። «እናቲቱ የት ሄዳ ነው?»

ጋሽ አንሙት ቆቡን በእጃቸው ላይ አዞሩት። እሳቸውም እዚህ ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚመጣ ያሰቡ አይመስለኝም።

«ባሕር ሄዳለች» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ግን ቆሟል።»

አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሙት ዓመቱ ዕለት ያፈነችው ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። አባዬም ቀና ብሎ ጋሽ አንሙትን ዓይን ዓይናቸውን አያቸው።

«አንሙት» አሉ መምሬ ሞላ፣ «እንዲህ ያለ ምሳሌ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። በእግሩ ላይ! መሬት ሳያስነካ! ቅኔ ቤት ብትገባ ምን ሰው ይወጣህ ነበር!»

«ዳር ያለው ወደ መካከል ያላትስ?» አለ ሌላው ሽማግሌ። «ያች ለእኛ ለጎረቤቶቹ ነች፤ አያሌውን አግዙት ማለቱ ነው።»

«ገብቶናል፣ ገብቶናል» ተባባሉ።

«ምሳሌ አይደለም» አሉ ጋሽ አንሙት።

«ኧረ ገብቶናል ስንል!»

«ምሳሌ አይደለም አባቴ! ወፍ ነው! ያለ ወፍ!»

«ወፉማ አለ» አሉ መምሬ ሞላ ወደ አባዬ እያመለከቱ፤ «ይኸው ተቀምጦልን የለ?» ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። አክስቴም ከዕንባዋ ጋር ሳቀች። ጋሽ አንሙት ፊታቸው ደም መስሎ ቆባቸውን ደፉና ዝናቡ ውስጥ ገብተው ሄዱ። ያ ሁሉ የሰው ጃንጥላ የጠገነ ሰው የራሱን ረስቶ በስብሶ ገባ።

እኔም ቀረሁ። ትምህርት ሲዘጋ አዴት፣ ሲከፈት ከአባዬ ጋር እንድሆን ተፈረደ። አክስቴ ከመሄዷ በፊት ፌስታሉን ፈትታ ልብሴን አንድ በአንድ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። «ሹሩባሽ ግን ጠንካራ ነው» አለችኝ ስትስመኝ። ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ሴቶች በተራ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ አንዷ ልብሴን ታጥባለች፣ ሌላዋ አባዬ የማያውቀውን ትነግረኛለች።

በማግሥቱ አባዬ ጃንጥላውን ሊመልስና ሊያመሰግን ጋሽ አንሙት ጋ ሄደ። እኔም እጁን ይዤ ነበር።

«ጋሽ አንሙት፣ ለኔ ሲሉ ያሉትን መቼም አልረሳው» አለ። «እግዜር ይቅር ይበልዎት።»

«ምኑን ነው ይቅር የሚለኝ?»

አባዬ ጃንጥላውን ወደ እሳቸው ዘርግቶ ዓይኑን መለሰ።

«አንተም!» አሉ ጋሽ አንሙት ተነሥተው። «አንተም አያሌው!» እጀታ የሌለው ጃንጥላ አንሥተው አባረሩት። ለብዙ ቀን ሰላምታ አልነበራቸውም። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው ገባሁ። ጋሽ አንሙት ስፌታቸውን ሳያቆሙ «አንቺስ?» አሉኝ። «ታምኛለሽ?»

«አምናለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቆሎውን ከነሳህኑ ወደ እኔ ገፉት። በልጅነቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቆሎ የለም።

ከአባዬም ጋር ታረቁ፤ መኩረፍ ለእሳቸው ከማውራት ይከብድ ነበር። ስለዚያች የሽማግሌ ቀን ግን ሁለቱም ዳግመኛ አልተነጋገሩም። እኔና አባዬም አናነሳትም፤ ልንለያይ ደርሰን የተረፍንባት ቀን ስለሆነች መሰለኝ ሁለታችንም እንፈራታለን። አንድ ነገር ብቻ አስታውሳለሁ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሰኔ በመጣ ቁጥር አባዬ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ በማርያም ሥዕል ፊት ይሰግዳል። ጉልበቱ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ከእንቅልፌ እነቃለሁ። ለእናቴ ነፍስ ነው ብዬ አስብ ስለነበር ጠይቄው አላውቅም።

ጋሽ አንሙት ያረፉት እኔ ቡሬ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ በጀመርሁበት ክረምት ነው። አርጅተው፣ ብዙም ሳይሠቃዩ። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲደርስ ሰማዩ ተቀደደ፣ ለቀስተኛውም ጃንጥላውን ዘረጋ። ቀና ብዬ ሳይ ጃንጥላው ሁሉ ላይ ያ ወፍራም ነጭ ክር አለ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ላይ፣ የጠላ ሻጯ ላይ፣ ፍትሐት የሚያደርሱት ቄሶች ላይ ሳይቀር። ከጎኔ የቆሙት ሽማግሌ «አንዲት ጠብታ አታስገባም እኮ» እያሉ ያለቅሳሉ። ያን ዕለት ከደፉ ወዲያ ቆሞ «ውሸት!» የሚል ሰው አልነበረም።

ባጃጅዋ ደጃፍ አወረደችኝ። አባዬ አርጅቷል፤ ጣሪያ መውጣት ከተወ ቆይቷል። እራት በልተን ስናበቃ ያ የሸራ ሽታ አሁንም ከልብሴ አልለቀቀም። ስልኬን አውጥቼ የወፉን ቪዲዮ ፈለግሁ። ፔንግዊን ያለ ወፍ መሆኑን ተማሪ ሳለሁ መጽሐፍ ላይ አይቼው ነበር፤ አባዬ አያውቅም ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«ምንድን ነው የምታይው?» አለኝ።

«የጋሽ አንሙትን ወፍ።»

መነጽሩን አደረገና ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። ነፋሱ ያፏጫል፤ ወንዶቹ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዱ ሆዱን ከፍ ሲያደርግ እንቁላሉ በእግሮቹ ላይ ታየ። አባዬ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። የዳሩ ወደ መካከል ገባ፣ የመካከሉ ወደ ዳር ወጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቲቱ ከባሕር መጥታ በዚያ ሁሉ ወፍ መካከል ባሏን በድምፁ ለይታ አገኘችው።

«እሷስ መጣች» አለ አባዬ ዝቅ ብሎ።

እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ። ስልኩን ጭኑ ላይ አኖረው።

«ያለ ወፍ ነው?»

«ያለ ወፍ ነው አባዬ።»

«ሰውዬው አልዋሹም በይኛ!»

«አልዋሹም።»

ራሱን ያዘ። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ያልነገረኝን ነገረኝ። ሽማግሌው በተበተነ ሰሞን መምሬ ሞላ ዘንድ ሄዶ «ለኔ ብሎ ሰው ዋሸ፤ ቅጣቱ በእኔ ይሁን» ብሎ ንስሐ ጠይቆ ነበር። መምሬ ሞላ «ምሳሌ ኃጢአት የለበትም፣ ሂድ» አሉት። አባዬ ግን አልዋጠለትም። «ምሳሌ አይደለም ብለው በሽማግሌ ፊት ተናግረው የለ? ምሳሌ ካልሆነ እንግዲህ ውሸት ነው አልሁ። አንቺን ያስቀሩልኝ በዚያ ነው። እኔ ልጄን አቅፌ ልደር፣ እሳቸው ሲኦል ይውረዱ? ዝም ብዬ በየሰኔው መስገድ ያዝሁ።»

ልስቅ ስል ዕንባዬ ቀደመኝ። አባዬ ግን ሳቀ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። «እሳቸው ደህና ሰው፣ እኔ እዚህ ስነሣ ስወድቅ!» አለና ወፉን ድገሚልኝ አለኝ። ደገምሁለት።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ያው ጉልበቱ ነው። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሳይ አባዬ ሥዕሉ ፊት ይነሣል፣ ይወድቃል።

«አባዬ!» አልሁት። «ወፉ እውነት ነው አላልንም እንዴ?»

በጉልበቱ እንዳለ ዞሮ አየኝ።

«የዛሬው ለሳቸው አይደለም» አለ። «ለራሴ ነው። ይኸን ሁሉ ዘመን ውሸታም ብያቸው የለም?»